የይመኙሻል የጭቃ ሰዎች

ጥር 23 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬ የወጋኋቸውን ሰዎች ፊት አላስታውስም። የማስታውሰው ክንድ ብቻ ነው፤ ቀጭን ክንድ፣ ወፍራም ክንድ፣ የሚንቀጠቀጥ ክንድ። በክሊኒኩ ድሬሰር ሆኜ መርፌ ስወጋ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚህ ሰልችቶኝ አያውቅም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ይመኙሻል የጓዳውን ግድግዳ ስትመርግ ውላለች። ልጃችን ከሞተች ወዲህ ማንም ሳይጎተጉታት ተነሥታ የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ግማሹን መርጋ ትታዋለች። ከተረፈው ጭቃ አውራ ጣት የምታህል ነገር ሠርታ መስኮቱ ላይ አስቀምጣለች። ከኋላዋ ጭድ ወጥቷል።

«ምንድን ናት?» አልኳት።

«ዶሮ ናት።»

«ዶሮ መሆኗንማ አየሁ።»



ጥር 26

ዶሮዋ ጓደኛ አገኘች። አህያም ተጨምሯል። ክሊኒክ ወረፋው እስከ ውጭው በር። ኩፍኙ ገና አልበረደም። ደከመኝ።

የካቲት 1

ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «እግዜር ይተካላችሁ» ይላል፣ ይሄዳል። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለሆነች ፍትሐት አያስፈልጋትም፣ እንዲሁ ንጹሕ ናት ይሉናል። ለማጽናናት ነው። ይመኙሻል ግን ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ታኅሣሥ ላይ እኔ ሮብ ገበያ ሄጄ የሰው ልጅ ለፈንጣጣ ስከትብ ነው ኩፍኝ የያዛት። መልእክት ደርሶኝ በበቅሎ ስመለስ ተቀብራ ነበር። ስለዚህ ነገር መጻፍ አልፈልግም።

ዛሬ ባለቤቴ «የደነዘ መርፌ ካለህ አምጣልኝ» አለችኝ።

«ለምንሽ?»

«ለዓይናቸው። በእንጨት ስበሳው ይሰፋብኛል።»

የመንግሥት ንብረት ለጭቃ ዶሮ ዓይን አይወጣም ብዬ ተቆጣኋት። 

የካቲት 3

ሁለት የደነዙ መርፌዎችና ጥቂት የምላስ መጫኛ እንጨቶች አመጣሁላት። ለማንኛውም የሚጣሉ ናቸው።

የካቲት 6

ጾም ገባ። ጭቃዎቹ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። አህያው ወገቡ ላይ ተቆርጦ አገኘችው። እንዲህ ያለ ነገር ያስለቅሳታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ስብርባሪውን በውሃ ዘፍዝፋ እንደገና ማሸት ጀመረች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ታጠቢ ብላት አትሰማኝም፣ ብቆጣም ቁጣዬ ከልብ አልሆን አለኝ።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ይመኙሻል ገበያ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቀይ አፈር ቋጥራለች። ከየት ነው ብላት ከፈንታዬ ቤት ነው አለችኝ።

ፈንታዬ ከከተማው በታች ወንዙ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ሰው ድስቷንና ጋንዋን ይገዛታል፤ ደጇን ግን አይረግጥም። እናቶች በአጠገቧ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ።

እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። ሰው በዓይኑ ሰው አይበላም፤ የሚገድለው ተሐዋስ ነው እያልሁ ለበሽተኛ ሁሉ አስተምራለሁ። ታዲያ ባለቤቴ እዚያ ቤት ውዬ መጣሁ ስትለኝ ሳላስበው ከአፈሩ ራቅ አልሁ።

«አፈሩ ብቻውን አይሆንም አለችኝ» ትለኛለች ይመኙሻል ነጠላዋን እየፈታች። «የተሰበረ ሸክላ ፈጭቶ መቀላቀል ነው። ያኔ አይሰነጠቅም።»

ድምፅዋ ነፍስ ነበረው። ስለዚህ ተውኋት።

የካቲት 13

በሙቀጫ የሸክላ ገል ስትወቅጥ ዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የካቲት 20

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ወለላ ከአጥሩ ወዲያ ለአንዲት ሴት ስታወራ ሰማኋት። እኔ መኖሬን አላወቀችም።

«ኀዘን ነው ብለን ዝም አልን። አሁን ግን ቡዳ ቤት መዋል ጀምራለች። ባልዋስ ምን ዓይነት ወንድ ነው?»

«እሱ ደግሞ በዚያ እጁ የሰው ልጅ ይነካል» አለች ሁለተኛዋ።

ገባሁና እጄን ታጠብሁ። ሳሙናው እስኪያልቅ ድረስ የታጠብሁ ይመስለኛል።

የካቲት 27

ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ የጭቃ ሰዎቹን አየኋቸው፣ ዛሬም አየኋቸው። መስኮቱ ሞልቶ ወደ መደርደሪያው ተሻግረዋል። ጃንጥላ የያዘ ቄስ አለ። የወለላ ውሻ አለ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ። ውሃ የተሸከመች ሴት አለች። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ታረቀ በብስክሌት ተቀምጦ አለ፤ ሆዱ መሪውን ነክቶታል። ሳላስበው ሳቅሁ።

ልጃችን በራፍ ላይ ተቀምጣ የምታያቸው፣ የምትጠራቸው፣ የምታሾፍባቸው ሰዎች ናቸው ሁሉም። ያ ሁሉ ሰው ተሠርቶ ልጅ ግን አንድም የለበትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መጋቢት 5

የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረ ማርያም መጡ። ሰው እንደ ላካቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። ቀረብ ብለው አንዱን አነሡና ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይኼ ጃንጥላ የያዘው ማን ነው?»

ይመኙሻል አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።»

«ጢሜን ምነው አሳጠርሽው?»

«ሲደርቅ ተቆርጦብኝ ነው።»

ቄሱ ሳቁ። እኔም እፎይ አልሁ። ከዚያ ግን ምስሉን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡና ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ጣዖት ነው አልልሽም። መጫወቻ ነው። ግን ያቺን ሴትዮ ቤት ተይው። ሰው እያወራ ነው። አንቺንም ከጽዋ ማኅበሩ እናስወጣት የሚሉ አሉ።»

«እሷም ክርስቲያን ናት፣ አባቴ። ልጆቿን ያጠመቁት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

አባ መቋሚያቸውን አነሡ። «ታዲያማ የሚያወራው ሰው ነው፣ ልጄ» አሉ። ሲወጡ በራፉ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንተ ያዛት» አሉኝ።

መጋቢት 13

አንዲት እናት የእኔ ወረፋ ሲደርሳት ልጅዋን ታቅፋ ወጣች። «በሌላው ይወጋልኝ» አለች። ልጁ ትኩሳት እያቃጠለው ነበር። ሌላው ድሬሰር ምሳ ወጥቷል። ጠበቀች።

አቶ ታረቀ ቢሮው ጠራኝ። «ደምለው፣ አንተን ምንም አልልህም። ኀዘንህን አውቃለሁ። ግን ሕዝቡ ከሸሸህ አንተን እዚህ ማቆየት አልችልም። የቤትህን ነገር አስተካክል።»

«ምን ላስተካክል?» አልሁት።

«ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ።

መጋቢት 20

ዛሬም አንዲት እናት በእኔ አላስወጋም አለች። ራሴን ያመኛል።

መጋቢት 21

ክፉ ነገር ሠርቻለሁ።

መጋቢት 22

እጽፈዋለሁ፣ ካልጻፍሁት ደግሞ እንዳልሠራሁት ልቆጥረው ነው።

ትናንት ስገባ ይመኙሻል አልነበረችም። የት እንደ ሄደች ሳልጠይቅ ገባኝ። ጆንያ አነሣሁና መደርደሪያውን ጠረግሁት። ቄሱን፣ ውሻውን፣ አህያውን፣ አቶ ታረቀን ከነብስክሌቱ። መስኮቱንም ጠረግሁ። ወስጄ ከመንገዱ ማዶ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ በቀን ነው ያደረግሁት። ወለላ ከበሯ ላይ ቆማ አየችኝ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ባለቤቴ መጥታ ባዶውን መደርደሪያ አየች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሁሉንም?» ብቻ አለች።

«ሁሉንም» አልኋት።

ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፣ ወደዚያ ግማሹ ወዳልተመረገው።

መጋቢት 26

አትበላም ማለት አይቻልም። ብሰጣት ትቆርሳለች። ብጠራት «አቤት» ትላለች። ክሊኒክ ሰው ወደ እኔ ወረፋ ተመልሷል። አቶ ታረቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ነገሩ ሁሉ እንደ ተፈለገው ሆኗል።

መጋቢት 29፣ ስቅለት

ብቻዬን ሄጄ ሰገድሁ።  ስንት ጊዜ መሆኑን አልቆጠርሁም።

ሚያዝያ 1፣ ትንሣኤ

ቤታችን ጭስ አልወጣም። ረፋድ ላይ ወለላ ወጥና ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የይመኙሻልን እግር በነጠላዋ ላይ ስታሸው ቆየች። ከዚያ አለቀሰች፤ እሷ ናት ያለቀሰችው።

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም» አለችኝ ስትወጣ። «ሰው እንደሚያወራ አወራሁ እንጂ።»

 እኔም ሰው እንደሚያደርግ ነው ያደረግሁት።

ሚያዝያ 6

ከሥራ አስፈቅጄ ወጥቼ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ነጩን ጋዋኔን ሳላወልቅ መሄዴን ያየሁት መንገድ ላይ ነው። ልመለስ አልሁ፣ ተውሁት።

ፈንታዬ በራፏ ላይ ድስት እየላገች ነበር። ስታየኝ ተነሥታ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ቆመች። ሰው እንዳይደነግጥባት መራቅ የለመደች ናት። የእናቴ እኩያ ትሆናለች።

«አንቱ ሐኪሙ ነዎት» አለች። «ሚስትዎ ታመመች?»

«አልታመመችም። ጭቃዋን ጣልሁባት።»

«ሰምቻለሁ።»

«አፈር ፈልጌ ነው የመጣሁ። የሚሠራበትን። የተፈጨውም የተቀላቀለበት።»

አየችኝ። «አፈሩስ ይገኛል» አለች። «አንቱ ግን ያን ሁሉ ሰው ሚስትዎ ለምን ትሠራው እንደ ነበር ያውቃሉ?»

አላውቅም አልኋት።

«እጇን ለማለማመድ ነዋ። የምትፈልገው ልጅቱን መሥራት ነው። እዚህ ተቀምጣ ስንት ጊዜ ጀመረቻት፣ ስንት ጊዜ አፈረሰቻት። ፊቷ አልመጣላት አለ። የሚታያት የታመመች ለት ያለው ነው፤ ያ እብጠቱ፣ ያ ሽፍታው። ደህናውን ፊት አጥፍቶባታል።»

ፈንታዬ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«‹ደህና ሆና ነው የተለያት አባቷ፣ እሱ ጋ ፊቷ አለ› አለችኝ። ‹ግን ስሟን እንኳ አይጠራም፣ እንዴት ብዬ ልጠይቀው› አለችኝ።»

ጥምቀት ሲደርስ ፎቶ ቤት እንወስዳታለን ያልሁት እኔ ነበርሁ። አዲስ ቀሚስ ይሰፋላት፣ ከዚያ ትነሣለች ብዬ። ፎቶግራፍ የላትም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፈንታዬ አፈሩን በኮባ ቅጠል ስትጠቀልል «እኔም ሁለት ቀብሬአለሁ» አለችኝ። «ሁለቱም በሳል ነው የሄዱ።»

«ክሊኒክ አላመጡአቸውም?» አንቺ ልላት የተነሣሁ ሰው እርስዎ ብዬ ጨረስሁ።

«ማን ያስጠጋኛል ብዬ» አለች። ቁጣ የለበትም። እንዲሁ የዝናብን ነገር እንደሚያወሩት።

ወደ ላይ ስወጣ አፈሩን በሁለት እጄ ታቅፌ ነበር። ሰው ያየኝ አየኝ።

ሚያዝያ 8፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ጠዋት አፈሩን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጥሁ። ይመኙሻል ሽታውን አውቃ ዞረች።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከፈንታዬ።»

«አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ።»

ተነሥታ ተቀመጠች። ምን ብዬ እንደምጀምር ሌሊቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። «ፊቷን እነግርሻለሁ» አልኋት። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ሥሪ።»

እጇ አፈሩ ላይ ቀረ። «ከየት ትጀምራለህ?»

«ከጆሮዋ።»

ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። ያን ነገርኋት። «እውነት!» አለች፣ «ጆሮዋ…» አለችና አቆመች። ግንባሯ እንደ አባቴ ወጣ ያለ። ቁንጮዋ በስተቀኝ የሚያዘነብል፣ ብንመልሰውም ተመልሶ የሚያዘነብል። ልትስቅ ስትል ከንፈሯን በጥርሷ ይዛ ትንሽ ታቆየዋለች፣ ከዚያ ያመልጣታል። ይመኙሻል በምላስ መጫኛው እንጨት ትገፋለች፣ ትቀንሳለች፣ «ከዚህ ይበልጣል?» ትለኛለች፤ እኔ «ያንሳል» እላለሁ። እንዲህ አድርገን ዋልን። ምሳ አልበላንም።

ከዚያ ሮብ ገበያ የሄድሁ ለት ጠዋት እንዴት እንደ ነበረች ጠየቀችኝ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ስለ ነበር አላየችም።

በራፍ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላ ነበር። በቅሎው ላይ ልወጣ ስል ጠራችኝ። ጎንበስ ስል አንዲት የገብስ ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ለእኔ መስሎኝ ልበላት ስል ጮኸች። «ለበቅሎው ነው!» አለች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እቸኩል ነበር። ፍሬዋን ለበቅሎው ሰጠሁና ሄድሁ፤ ወደ ኋላ አላየሁም። ማንጠግቦሽ ግን እጇን እንደ ዘረጋች ነበረች፣ አንድ ጎረቤት ነው በኋላ የነገረኝ።

ማንጠግቦሽ። ስሟን ስጠራ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ይመኙሻል ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ አንገቴን ያዘችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ያለቀስሁት ገና ዛሬ ነው፣ ይህንም የተገነዘብሁት ስጽፈው ነው።

ሚያዝያ 19

የጭቃዋ ማንጠግቦሽ ደርቃ እሳት ገባች። ፈንታዬ ግቢ ኩበቱና እንጨቱ ሲቀጣጠል ሁለታችንም ቆመን አየን። ውስጥ ጧ አለ። ፈንታዬ ፊቷን አዞረች። አመዱ ሲበርድ ስናወጣት ከአንገቷ በላይ የለችም።

«አንገቷ ላይ አየር ቀርቶባት ነው» አለች ፈንታዬ። «የእኔ ጥፋት ነው፣ አየሩን ላስወጣላት ይገባ ነበር።»

ይመኙሻልን ለመያዝ እጄን አዘጋጀሁ። መያዝ አላስፈለጋትም። ስብርባሪውን በነጠላዋ እየለቀመች «እንደገና እሠራታለሁ» አለች። «አሁን ፊቷን አውቀዋለሁ።»

ከመሄዳችን በፊት ፈንታዬን ከቤቷ የታመመ ሰው ካለ ወደ ክሊኒክ ይዛ እንድትመጣ ነገርኋት። «እርስዎ ይምጡ እንጂ እኔ አለሁ» አልኋት። ለመናገር ቀላል ነው።

ግንቦት 2

መጣች። የልጅ ልጇን የብርጓልን አዝላ መጣች። ሕፃኗ ሳል ይዟት ደረቷ ወደ ውስጥ ይሳባል። ያን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ።

ወረፋው ላይ የነበረው ሰው እንደ ውሃ ተከፈለ። ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ፈንታዬ ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል ወጥቼ እጇን ያዝሁ። አስገባኋት። ለሕፃኗ ፔኒሲሊን ወጋኋት፣ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ስወጣ ወረፋዬ ላይ ማንም የለም። ከኋላዬ አቶ ታረቀ ቆሟል።

«ምነው ደምለው» አለኝ።

«ሳንባ ምች ነው» አልሁት።

ግንቦት 8

የብርጓል ትኩሳቷ ወረደ። ሽሮ ጠየቀች አሉ።

ግንቦት 11

ወደ ቁይ ከተማ ክሊኒክ ተዛውሬአለሁ። አቶ ታረቀ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ወደ መስኮቱ ያይ ነበር። «እዚያ ሰው ጎድሏል» አለኝ።

«ቅጣት ነው?»

«ሥራ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልጅቱ ግን ባታስገባት ትሞት ነበር» አለኝ። ይህን በማለቱ ደግ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ ሊያስቀረኝ ግን አልደፈረም። አልፈረድሁበትም፣ እኔም በቀን ጆንያ የተሸከምሁ ሰው ነኝ።

ለይመኙሻል ስነግራት እጇ ሥራ ላይ ነበር። «ቁይ አፈር አለ?» አለችኝ።

ግንቦት 24

ሁለተኛዋ ከእሳት ወጣች። በራፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ እጇን የዘረጋች። ከጉልበቷ ላይ እሳቱ ጥቁር አድርጓታል። ፈንታዬ በአመድ ጠርጋ ለይመኙሻል ሰጠቻት፣ ይመኙሻል ለእኔ ሰጠችኝ። ሁለቱም ፊቴን ያያሉ።

አፍንጫዋ ትክክል አይደለም። አገጯም ትንሽ ሾሏል። ከንፈሯን ግን በጥርሷ ይዛለች፣ ሊያመልጣት ነው።

«እሷ ናት?» አለችኝ ባለቤቴ።

«እሷ ናት» አልኋት። «አፍንጫዋ የአንቺ ሆኗል እንጂ።»

«የእኔ አፍንጫ ምን ሆነ?» አለችና ሳቀች። አጭር ናት፣ ሳል የምትመስል። ግን ሳቅ ናት።

ሰኔ 3

ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ለመውጣት ጠዋት ተነሣን። ዕቃችን ጥቂት ነው። ወለላ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ሰጠችን። አባ ገብረ ማርያም መስቀል አሳለሙን፤ ሲመርቁን ድምፃቸው ቀነሰ። ፈንታዬ ከሰው ራቅ ብላ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር። ይመኙሻል ተሻግራ ሄዳ ሰው ሁሉ እያየ ሳመቻት፣ በሁለት ጉንጯ፣ ደጋግማ። እኔም ተሻገርሁ።

የጭነት መኪና ላይ ነው የምንሄደው። ረዳቱ ዕቃችንን ወደ ላይ ሲያነሣ በጥጥ የሞላሁትን የመድኃኒት ካርቶን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ይኼ አይወጣም» አልሁት።

«ለምን አይወጣም? ምንድን ነው ውስጡ?»

ይመኙሻል አየችኝ።

«ልጄ ናት፤ ማንጠግቦሽ» አልሁት።

ሰውዬው ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። የሚጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበረውም። «እንግዲያው ጉልበትህ ላይ አድርጋት» አለኝ፣ «መንገዱ ያንገጫግጫል።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌአታለሁ። ይህን የምጽፈው ደጀን ላይ መኪናው ቆሞ ውሃ ሲጨመርለት ነው። ይመኙሻል ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፣ የእጅዋ ጥፍር ውስጥ ቀይ አፈር አለ። ደክሞኛል። እሷ እስክትነቃ ድረስ ግን አልንቀሳቀስም።